ተረከዜ ምን አጠፋ?

እትዬ ይርገዱ ማረፋቸውን የነገረችኝ ያሳደጓት የእህታቸው ልጅ ውባለም ናት። የገበያ ዕቃ ተሸክሜ የሕንጻችንን ደረጃ ስወጣ ስልኬ ጠራ። «አስናቀች፣ እቴቴ አረፈች» አለችኝና ድምጿ ተቆረጠ። የልብ ሕመም ነው። ከምሳ በኋላ ጋደም እንዳሉ በዚያው አልተነሡም። ዕቃዬን ደረጃው ላይ አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ጎረቤቴ መጥታ ምን ሆነሽ እስክትለኝ ድረስ እዚያው ነበርኩ።

ቀብራቸው ላይ የማኅበረሰባችን ቄስ ስለ ደግነታቸው፣ እናቷ የሞተችባትን ልጅ እንደ ወለዷት አድርገው ስለ ማሳደጋቸው ብዙ ተናገሩ። የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው። ስለ እግራቸው ግን አንድ ቃል አላነሡም፤ ነውር መስሏቸው ይሆናል። እኔ እትዬ ይርገዱን ከእግራቸው ለይቼ ላስታውሳቸው አልችልም። እሳቸውም ቢሆኑ አይወዱትም ነበር።

የተዋወቅነው በኢንዱስትሪ ቀጠናው ባለ የልብስ ማጠቢያ ፋብሪካ ውስጥ ነው። የሆቴሎችና የአረጋውያን ቤቶች አንሶላ እየታጠበ ይተኮስበታል። ሥራው በጥንድ ነው፤ አንዷ የአንሶላውን አንድ ጫፍ ሌላዋ ሌላውን ይዘው ይዘረጉና ለትልቁ መተኮሻ ያጎርሱታል። እኔ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደዚህ አገር ስመጣ ገና ልጅ ነበርኩ፤ እዚሁ ስላደግኩ ዕብራይስጡ ይቀናኛል። እሳቸው ጎንደር ሆነው ለመምጣት ብዙ ዓመት ወረፋ ጠብቀው፣ ጎልማሳ ሆነው የመጡ ናቸው። አለቃችን ከእሳቸው ጋር ሲያጣምረኝ አጠገቤ ያለችው ሠራተኛ በዓይኗ ወደ ታች ጠቆመችኝ። ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

ቀኝ እግራቸው እንደማንኛችንም ትንሽና ቀጭን ነው። ግራው ግን የሌላ ሰው፣ ያውም የግዙፍ ሰው እግር ይመስላል። ሁለቱ መካከለኛ ጣቶች ሙዝ አክለው ወደ ላይ ተቆልምመዋል። የእግሩ ጀርባ ኩፍ እንዳለ ሊጥ ተነፍቷል። ቁርጭምጭሚቱ ሥጋው ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል። አብሯቸው ተወልዶ አብሯቸው ያደገ ነው። እሳቸው «በኩሬ» ይሉታል፣ የበኩር ልጄ እንደ ማለት። «በኩሬ ዛሬ አኩርፏል» ካሉ አሟቸዋል ማለት ነው። አውቶቡስ ላይ ሰው ሲያፈጥባቸው ደግሞ «እግሬ ቀድሞኝ ገብቶ ነው፣ እኔ ገና እየመጣሁ ነኝ» ይላሉ። አማርኛ የሚያውቀው ይስቃል፤ የማያውቀውም ፊታቸውን አይቶ ይስቃል።

አገር ቤት ሳሉ ሰው ሁሉ ዝሆኔ ነው እያለ ይርቃቸው ነበር። እዚህም ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ከእኛው ሰዎች አንዳንዶቹ ይጋባብናል ብለው ወንበራቸውን ሳብ ያደርጋሉ። እሳቸው ያያሉ፣ ግን ያዩ አይመስሉም። የሳበችውን ሴት በማግሥቱ በስሟ ጠርተው ስለ ልጆቿ ይጠይቋታል። እንዴት እንደሚችሉት ብጠይቃቸው፣ ሰው ሲፈራ ማየት ስለሚያሳዝናቸው እንደሆነ ነገሩኝ።

አንድ ጊዜ የደኅንነት ተቆጣጣሪ መጥቶ ሠራተኛ ሁሉ ድፍን ጫማ ማድረግ አለበት አለ። እትዬ ይርገዱ የሚያደርጉት ሰፊ የወንድ ነጠላ ጫማ ነበር፤ ጫፉን ቆርጠው፣ ማሰሪያውን በሰፊ ጨርቅ ቀጥለው ያበጁት። አለቃችን አዝኖ፣ የሚሆን ጫማ ካልተገኘ ሊያሠራቸው እንደማይችል እንድነግራቸው ጠየቀኝ። ነገርኳቸው። ከመተኮሻው ላይ አርጅቶ የተነሣውን ልባድ፣ ያን ምንጣፍ የሚመስል ወፍራም ጨርቅ፣ ለመኑና ወደ ቤታቸው ወሰዱት። ከሰንበት በኋላ ሲመጡ ግራ እግራቸው ላይ ድፍን ጫማ አለ፤ ከልባዱ የተሰፋ፣ ከሥሩ የጎማ ሶል ያለው፣ ጎኑ ላይ በዘለበት የሚዘጋ። ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው። አለቃችን ጎንበስ ብሎ አየው፣ በእጁ ዳሰሰው፣ ቀና ሲል ዓይኑ ርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ጫማ ያነሣባቸው የለም።

የትዳራቸውንም ነገር የነገሩኝ አንሶላ እየዘረጋን ነው። በወጣትነታቸው የታጨላቸው ሰው ነበር። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀን ተቆርጦ፣ እናቱ እግራቸውን ካዩ በኋላ ለልጅ ልጆቼ ይተርፋል ብለው አስቀሩት። እሳቸውም አመኑበት። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ ራሳቸው መለሱ። «እኔ የተሸከምኩትን ለሌላ ላሸክም?» አሉኝ፤ ቀጥለውም አንሶላውን ጠበቅ አድርጌ እንድይዝ አሳሰቡኝ።

ካወቅኋቸው ከጥቂት ዓመታት በኋላ እግሩ ይብስባቸው ጀመር። በጣቶቹ መካከል ቁስል ወጣ። ሲድን ሌላ ይወጣል። ቁስሉ ሲያመረቅዝ ያተኩሳቸዋል። በቁፓት ሆሊም፣ ማለት በሰፈራችን ጤና ጣቢያ፣ ያሉት ሐኪም ነገሩ ከአቅማቸው በላይ መሆኑን ተናግረው ወደ መሀል አገር ወዳለ ትልቅ ሆስፒታል ላኳቸው። ውባለም በዚያን ጊዜ ጸባ፣ ማለት ውትድርና ላይ ስለነበረች የምትመጣው ለሰንበት ብቻ ነው። ስለዚህ ባቡር ይዤ ለማስተርጎም አብሬያቸው የምሄደው እኔ ሆንኩ።

ያከመቻቸው የአጥንት ሐኪም አጭር ጸጉር ያላት፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ጓንቷን አውልቃ እግሩን በሁለት እጇ መያዝ ነው። እትዬ ይርገዱ ቀና ብለው አዩኝ። ሐኪም እግራቸውን እንዲህ ይዞት አያውቅም ነበር። ራጅ ተነሣ፣ ከጣቱ ላይ ትንሽ ሥጋ ተወስዶ ለምርመራ ተላከ። ከብዙ ጊዜ በኋላ መልሱ መጣ ተብለን ሄድን።

በሽታው ረጅም ስም አለው፤ አልያዝኩትም። ዶክተሯ ያለችውን እንደሚሆን አድርጌ ወደ አማርኛ መለስኩት። ዝሆኔ አይደለም። ወደ ሌላ ሰው አይጋባም። ገና በማኅፀን ሳሉ አንዲት በዓይን የማትታይ የአካል ቅንጣት ስትከፈል ተሳሳተች፤ ከእሷ የመጣው ሥጋና አጥንት ልክ የለውም፣ ከሌላው ይበልጥ ያድጋል። የሚደርሰው በጣም በጥቂት ሰው ላይ ነው።

እትዬ ይርገዱ ከማን እንደ ወረሱት ጠየቁ።

ዶክተሯ ራሷን ነቀነቀች። ከእናትም ከአባትም አይወረስም፣ እናት በበላችው ወይም ባደረገችው ነገር አይመጣም፣ እንዲያው ይደርሳል አለች። ይህን ስነግራቸው ወደ ፊት ተጠጉ።

«እስቲ ደግመሽ ጠይቂያት» አሉኝ። «እናቴ እኔን አርግዛ በቀትር ወንዝ ተሻግራለች። በዚያ አይደለም ወይ በያት።»

ጠየቅኋት። ዶክተሯ አልሳቀችም። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ እሳቸውን እንጂ እኔን ሳታይ መለሰች። «እናትዎ ምንም አላደረገችም» አለች፤ ተረጎምኩት። እትዬ ይርገዱ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ዶክተሯ አንድ ነገር ጨመረች። ለልጅም አይተላለፍም ነበር አለች።

እሱን ለመተርጎም አፌ እንቢ አለኝ። የቀረውን ሠርግ አስቤ፣ የመለሷቸውን ሽማግሌዎች አስቤ፣ ባልነግራቸውስ አልኩ። እሳቸው ግን እያዩኝ ነበር። ነገርኳቸው። ራሳቸውን አንድ ጊዜ ዝቅ አደረጉ።

ባቡሩ ውስጥ ብዙ ከሄድን በኋላ ነው የተናገሩት። እናታቸው እስኪሞቱ ድረስ ማታ ማታ ያንን እግር አጥበው፣ ስመው፣ ይቅር በይኝ ይሏቸው እንደነበር ነገሩኝ። ወንዙን የተሻገሩት ለጎረቤት መድኃኒት ሊያደርሱ ነበር፤ ሰው ግን ለክፏቸው ነው አለ። ባላቸውም እንደዚያው አለ። እናትየው ራሳቸውን ሲወቅሱ፣ ሲጾሙ፣ ሲሳሉ ኖረው በዚያው ሞቱ። እኔ ስለራሳቸው፣ ስለ ትዳሩ አንድ ነገር እንዲሉ እየጠበቅኩ ነበር። የልቤን ያወቁ ይመስለኛል።

«ያኛውን ሰምቻለሁ» አሉኝ። «እሱ የኔ ነው፣ ቀስ ብዬ አለቅሰዋለሁ። የእናቴ ግን ዛሬውኑ ይድረሳት።»

እዚያው ባቡሩ ውስጥ ጎንደር ላለው ታናሽ ወንድማቸው ደወሉ። እናታቸው መቃብር ሄዶ እንዲደውልና ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ እንዲከፍትላቸው ለመኑት። ወንድምየው ምን ሆነሽ ቢላቸውም አላብራሩለትም፣ ብቻ ሂድ አሉት። ሄደ። የምንኖርበት ቂርያት ጋት ደርሰን ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ስንጠብቅ ስልካቸው ጠራ። ከወዲያ ማዶ ነፋስ ይሰማል። እትዬ ይርገዱ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ስልኩን አፋቸው አጠገብ አደረጉና በሚሰማ ድምፅ ተናገሩ። «እማዬ፣ አንቺ አይደለሽም። ሐኪሞቹ አይተውታል። ወንዙም አይደለም፣ አንቺም አይደለሽም። እንግዲህ እረፊ።» ሰው ባጠገባችን ያልፋል፣ ወታደሮች ቦርሳቸውን ተሸክመው ይሮጣሉ። ወንድምየው ሲያለቅስ ይሰማኝ ነበር። እሳቸው አላለቀሱም፤ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ግን እስከዛሬ ስም አላገኘሁለትም። እኔ ሃይማኖት ብዙም የማላጠብቅ ሰው ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ ቆምኩ።

ቀጥሎ የሕክምናው ምርጫ መጣ። ዶክተሯ ሁለቱንም መንገድ ሳትደብቅ አስረዳች። አንደኛው ከጉልበት በታች ቆርጦ ሰው ሠራሽ እግር መግጠም ነው። አንድ ቀዶ ሕክምና ይበቃዋል፣ ቁስሉም ፈጥኖ ይድናል። ሁለተኛው ሁለቱን ትልልቅ ጣቶች ከኋላቸው ካሉት ረጃጅም አጥንቶች ጋር ማውጣት፣ ከላይና ከውስጥ እግሩ የተከመረውን ስብ መጥረግ፣ የቀረውን ገጣጥሞ መስፋት ነው። በአንድ ጊዜ አያልቅም። ቆዳው ላይያያዝ ይችላል፣ ስቡም ተመልሶ ሊያብጥ ይችላል።

በሰንበት ውባለም መጥታ ከወታደር ልብሷ ሳትወጣ ተከራከረች። እቴቴን ቁስሉ እንዳይገድላት ነው የፈራችው፤ ይቆረጥና ይገላገል አለች። እኔም በልቤ ከእሷ ጋር ነበርኩ። እትዬ ይርገዱ እስክትጨርስ ሰሟት። ከዚያ እግራቸውን ወንበር ላይ ሰቅለው ተረከዙን መታ መታ አደረጉ። እውነትም ተረከዙ እንደ ቀኙ ነው፣ ትንሽና ደህና።

«ጣቶቹ በደሉኝ፣ ይሂዱ» አሉ። «ተረከዜ ምን አጠፋ?»

ውባለም አንገታቸው ሥር ገብታ አለቀሰች፤ እነሱ እንዲህ ሳሉ እኔ ወደ በረንዳው ወጣሁ።

ቀዶ ሕክምናው ረጅም ነበር። በአገሩ ሃይማኖታዊ ወግ ከሰው አካል የተቆረጠ አይጣልም፤ መቃብር ይወርዳል። እሳቸው ገና ሆስፒታል ተኝተው ሳለ የቀብር ማኅበሩ ሰዎች አንዲት ትንሽ ጥቅል መቃብር ቦታው አመጡ። ውባለምና እኔ ብቻ ቆመን አፈር ለበሰች። ጸሎትም ለቅሶም የለም፤ እንዲህ ላለው አይደረግም አሉን። ተመልሰን ስንነግራቸው በኩራቸው እንዴት እንዳለ ጠየቁ። በሰላም አረፈ አልናቸው። ማን አለቀሰ አሉ። ማንም አልን። እስኪያማቸው ድረስ ሳቁ።

ሳቁ ግን አልቆየም። የቁስሉ ከንፈር ጠቆረ፣ ዶክተሯ እንደፈራችው ቆዳው አልያዝ አለ። ተመልሰው ገቡ፤ የሞተው ተነሥቶ ከጭናቸው ቆዳ ተወስዶ ተለጠፈ። ሕመሙ ፊታቸውን አከሳው። አንድ ከሰዓት በኋላ ልጠይቃቸው ሄጄ እጃቸውን ያዝኩ። ያኔ ሙሉውን ቢያስቆርጡት ይሻል ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ያምመኛል እንጂ አልጸጸትም፣ ሁለቱን አታምታቺብኝ አሉኝ።

ፋሻው ሙሉ በሙሉ የተፈታ ዕለት እዚያው ነበርኩ። ዶክተሯ ቀስ እያለች ጨርቁን ገለጠች። ሦስት ጣት የቀረው፣ ጠባሳ እንደ ወንዝ የሄደበት፣ ቀላ ያለ ጠባብ እግር ወጣ። የሚያምር አልነበረም። እኔ ፊታቸውን ለማየት ፈርቼ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ቆይቼ መለስ አልኩ። እጃቸው ከእግሩ በላይ፣ ጎኑ ላይ ነበር። ጠንከር ያለች፣ ክብ አጥንት በጣታቸው ይዳስሳሉ።

«ይቺ ምንድን ናት?» አሉኝ።

ቁርጭምጭሚትዎ ናት አልኳቸው። ከተወለዱ ጀምሮ የግራ እግራቸውን ቁርጭምጭሚት አይተው አያውቁም ነበር። ቀኙን ዳሰሱ፣ ግራውን ዳሰሱ። «እናቴ ናት» አሉ። «የእናቴ ቁርጭምጭሚት ናት።» ነገሩን ተርጉሜ ስነግራት ዶክተሯ ፊቷን አዙራ እጇን ለመታጠብ ሄደች። ብዙ ታጠበች።

በክራንች፣ ከዚያ በከዘራ፣ ከዚያ ያለ ምንም መሄድ ጀመሩ። ትንሽ ያነክሳሉ። ወደ ፋብሪካው ሲመለሱ ወንበሯን ትስብ የነበረችው ሴት ራሷ መጥታ ክንዳቸውን ይዛ አስገባቻቸው። እግሩ ትንሽ መልሶ አብጦ ነበር፣ ዶክተሯም እየተከታተለችው ነበር፤ እሳቸው ግን ስለሱ መጨነቅ ትተዋል።

በዚያው ዓመት በበጋ ዶክተሯ ደወለችልኝ። ካርሜ ጋት በሚባለው አዲስ ሰፈር የሚኖሩ ወጣት ባልና ሚስት ከእኛው ማኅበረሰብ አሉ፤ ሴት ልጃቸው እንደ እትዬ ይርገዱ ያለ እግር ይዛ ተወልዳለች። ገና በጊዜው ስለታየ ብዙ ሊደረግላት ይችላል። እናትየዋ ግን ልጅቷን ይዛ ከቤት አልወጣ ብላለች። ዶክተሯ የደወለችልኝ እናትየዋን አስፈቅዳ ነው። እትዬ ይርገዱ መጥተው ያነጋግሯታል ወይ አለች። ለእትዬ ይርገዱ ስነግራቸው ነጠላቸውን ለማንሣት ተነሡ።

በአውቶቡስ ሄድን። ከአዲሶቹ ፎቆች በአንዱ ባልየው በር ከፈተልን። ሳሎኑ ውስጥ እናቱ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል፤ ሚስቱ ኦርሊ ጥግ ላይ ሕፃኗን አቅፋለች። ሰው ሁሉ ስስ ልብስ በለበሰበት ሙቀት ልጅቷ ወፍራም የሱፍ ካልሲ አድርጋለች። ኦርሊ አማርኛና ዕብራይስጥ እየቀላቀለች፣ እስከ መጨረሻው ወር የፋብሪካ ሚሽመሬት፣ ማለት ፈረቃ፣ ስትሠራ እንደነበር ነገረችን። አማቷ ቁጭ በይ ሲሏት እንዳልሰማች ነገረችን። አማቲቱ ወለሉን ያያሉ።

እትዬ ይርገዱ አጠገቧ ተቀመጡና ጫማቸውን አወለቁ። እግራቸውን አሳዩዋት፤ ጠባሳውን፣ የጎደለውን፣ የቀረውን። ከዚያ ፈቃድ ጠይቀው የሕፃኗን ካልሲ ሳብ አደረጉ። ሁለት ትንንሽ ጣቶች ከሌሎቹ በልጠው ወጡ። በመዳፋቸው ያዟት።

«ስሚኝ ልጄ» አሏት። «ምንም አላደረግሽም። ሠርተሽም አይደለም፣ ቁጭ ብለሽም አይደለም። እኔ ይህን የሰማሁት እናቴ ከሞተች በኋላ ነው። አንቺ በሕይወትሽ ስሚው።»

ኦርሊ ማልቀስ ጀመረች። እትዬ ይርገዱ ግን አልጨረሱም። የሕፃኗን እግር ሳይለቁ ወደ አማቲቱ ዞሩ።

«እርስዎም ይበሏት» አሏቸው። ድምፃቸው ለስላሳ ነበር፣ ግን በዋዛ የሚያልፉት አይመስልም። «ከኔ ብትሰማው አይበቃትም። አብራችሁ የምትኖሩት እርስዎ ነዎት።»

አማቲቱ ቀና አሉ፣ ልጃቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። እትዬ ይርገዱ ጠበቁ። አላጣደፏቸውም፣ አልቆጧቸውምም፤ ባዶ እግራቸውን ምንጣፉ ላይ እንዳሳረፉ ጠበቁ። ኋላ አሮጊቷ ተነሥተው መጡና ምራታቸው እግር አጠገብ ቁጭ አሉ።

«ምንም አላደረግሽም» አሏት። ከዚያ እንደገና፣ በዕብራይስጥ፣ በትክክል መስማቷን ለማረጋገጥ ይመስላል፣ በተሰባበረ አነጋገር ደገሙላት።

ስንወጣ ኦርሊ ልሸኛችሁ ብላ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው አብራን መጣች። ሕፃኗን በትከሻዋ ይዛታለች። መንገዱ ላይ እናቶች ጋሪ እየገፉ ያልፋሉ፣ አንዳንዶቹ ዘወር ብለው ያያሉ። ካልሲው ሶፋው ላይ ቀርቶ ነበር። ኦርሊ ሊያመጣው የተነሣውን ባሏን በእጇ መልሳው ነው የወጣችው፤ የልጅቷም እግር ፀሐይ ላይ ይወዛወዝ ነበር።